ሌሊት የሚያፏጭ ሽንት ቤት፦ ፍሎተሩን በራሳችን እጅ እንቀይረው

(ባለፈው እሑድ ከሰዓት በብሎካችን ኮሚናል ለጎረቤቶቼ የተናገርኩት ነው። ሥራ ላይ ሆነው ያልመጡ ሰዎች ስለጠየቁኝ ጻፍኩት። ስናገር የረሳኋቸውን አንዳንድ ነገሮችም ጨምሬበታለሁ።)

ጎረቤቶቼ፣ እሑድ ዕረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ ስለ ሽንት ቤት ነው የማወራው፤ በተለይ በውሃ ሳጥኑ ውስጥ ስላለችው፣ ውሃ እያስገባች ሲሞላ ስለምትዘጋው ዕቃ። ሁላችንም ፍሎተር እንላታለን።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። አምና ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይመጣልን የነበረበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ጣሪያ ላይ ያሉት ሁለቱ ሮቶዎች ሌሊት ይሞላሉ፣ በሁለተኛው ቀን ማታ ባዶ ናቸው። ስብሰባ ተቀመጥን። አንዱ በማሽን ልብስ የሚያጥበውን ወቀሰ፣ ሌላው ምንጣፍ የሚያጥበውን፣ ሌላው ደግሞ መኪናውን። እኔም ተናግሬያለሁ። በዚያው ሰሞን ታዲያ የኔ ሽንት ቤት ሌሊት ሌሊት ሽሽሽ ይል ነበር። ለምጄዋለሁ፤ ጭራሽ አልሰማውም። አንድ ቀን ልጄ ለፈተና ስታጠና አምሽታ፣ «እማዬ፣ ይሄ ነገር መቼ ነው የሚያቆመው?» አለችኝ። ያኔ ነው ተነስቼ ክዳኑን የከፈትኩት።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው አሮጌው ዓይነት ነበር፤ ረጅም ክንድና ጫፉ ላይ ኳስ ያለው። ኳሱን በእጄ ወደ ላይ ሳብ አድርጌ ያዝኩት። እንዲህ ሲያዝ ውሃው ጭጭ ማለት አለበት። አላለም። ልጄ የሚወርደው ውሃ ሥር ብርጭቆ ደቀነች፣ ሩብ ሊትር የምትይዝ ብርጭቆ ናት፣ እኔ ሰዓት ያዝኩ። በአንድ ደቂቃ ሞላች።

እስቲ አብረን እናስላው። በደቂቃ ሩብ ሊትር ማለት በሰዓት 15 ሊትር ነው። በቀን 360 ሊትር። በወር ወደ 11 ሜትር ኩብ ይጠጋል። ሮቶዎቻችን እያንዳንዳቸው 5,000 ሊትር ይይዛሉ፣ እኛ 20 ቤት ነን፤ ስለዚህ አንድ ሙሌት ለአንድ ቤት 500 ሊትር ያደርሳል። ሮቶዎቹ ባዶ እስኪሆኑ ባሉት ሁለት ቀናት የኔ ሽንት ቤት፣ ማንም ሳይጠቀምበት፣ 720 ሊትር ይወስድ ነበር። የአንድ ቤት ድርሻ ነው። ከዚያም ያልፋል።

በዚያ ጊዜ አራተኛ ፎቅ አራስ ነበረች። እናቷ በቢጫ ጀሪካን ውሃ ተሸክመው ደረጃውን ሲወጡ በሬ ላይ አገኛቸዋለሁ፤ «እማማ፣ ላግዝዎት?» እላቸዋለሁ። አንዳንዴም እስከ ላይ አድርሼላቸዋለሁ። ውሃው ግን በኔ ሽንት ቤት እየሄደ ነበር። ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው ነገሩን የምር የያዝኩት፤ ዛሬ እዚህ የቆምኩትም ለዚሁ ነው።

ይህ ሁሉ ውሃ ወለል ላይ ጠብ ሳይል የት ይሄዳል? ሳጥኑ መሐል የቆመች ቱቦ አለች፤ አናቷ ክፍት ነው። የትርፍ ውሃ መውረጃ ናት። ፍሎተሩ መዝጋት ሲያቅተው ውሃው ከፍ ይልና በዚያች ቱቦ አናት በኩል ወደ መቀመጫው፣ ከዚያም ወደ ፍሳሹ ይወርዳል። ቱቦዋ ባትኖር ቤታችን በውሃ ይጥለቀለቅ ነበር፤ ጥሩ ነገር ናት። ግን ችግሩን ትደብቃለች። መሬቱ ደረቅ ስለሆነ ማንም አያስተውልም፣ ወራት ያልፋሉ። ቆጣሪው ግን ይቆጥራል፤ የውሃ ታሪፋችን ደግሞ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋም የሚጨምርበት ነው።

የፍሎተር ሥራ አንድ ብቻ ነው። ውሃ ሲቀንስ ኳሱ ወይም የፕላስቲክ ጽዋው አብሮ ይወርዳል፣ በሩ ይከፈታል። ውሃ ሲሞላ ይንሳፈፋል፣ ወደ ላይ ይገፋል፣ በሩን ይዘጋል። በሩ የምላችሁ ትንሽ ጎማ ናት። እሷ ስትበላ ነው ሽሽሽ የሚለው።

ያቺን ጎማ ያሳዩኝ አንድ አዛውንት የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። በማግስቱ ጠራኋቸው፤ መጡ፤ ክንዱን ነቀሉት፣ ውስጡን ፈቱት፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጥ ጥቁር ጎማ አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። «ልጄ፣ በጣትሽ ዳብሻት» አሉኝ። መሐሏ ላይ ክብ ቦይ ተቆፍሮባታል። ለዓመታት ውሃው በአንድ ቦታ እየመታት፣ የቀዳዳው አፍ እየተጫናት፣ እዚያው ላይ ቀለበት ሠርቶባታል። በዚያ ቦይ ነው ውሃው የሚያመልጠው። ገልበጥ አድርገው፣ ደህናውን ፊቷን ወደ ቀዳዳው መልሰው ገጠሟት። ቆመ። ሦስት ወር ሠራች። «ስታልቅ ሙሉውን ቀይሪው እንጂ ለዚህ እኔን እንዳትጠሪኝ፤ ራስሽ ትችያለሽ» ብለውኝ ሄዱ። እውነታቸውን ነው። በሦስተኛው ወር ራሴ ቀየርኩት። ከዚያ ወዲህ በዚህ ብሎክ ሰባት ቤት ገብቼ ቀይሬያለሁ።

አንድ ነገር ከመንገድ ላንሳ። ብዙ ሰው ሽንት ቤት ሲባል እጁን መስደድ ይቀፈዋል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ውሃ እኮ ገና መቀመጫው ጋ ያልደረሰ ነው። ከለገዳዲም ይምጣ፣ ከገፈርሳም፣ ከድሬም፣ ከአቃቂ ጉድጓዶችም፣ ያው በቧንቧችሁ የሚወርደው ውሃ ነው። ግድግዳው ላይ ቡናማ ደለል ታያላችሁ፤ እሱ ጭቃና ዝገት ነው። ሲያልቅ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ አለቀ።

አሁን ወደ ሥራው። ከሁሉ በፊት ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንወቅ፤ ያለጥፋቱ ፍሎተር እየተቀየረ ገንዘብ የሚባክንበት ቤት አይቻለሁ። ክዳኑን አንሱና ወለሉ ላይ፣ ማንም በማይረግጠው ቦታ፣ በፎጣ ላይ አስቀምጡት። ሴራሚክ ነው፤ ከተሰበረ ለብቻው አይገኝም። ከዚያ ውሃው የት እንደደረሰ እዩ። ወደ ትርፍ ቱቦዋ አናት እየገባ ከሆነ ጥፋቱ የፍሎተሩ ነው። ውሃው ከቱቦዋ በታች ሆኖ፣ ሳጥኑ ግን በየተወሰነ ደቂቃው በራሱ ጊዜ እንደገና ሞላ ሞላ የሚል ከሆነ የሚያፈሰው ታች ያለው፣ ፍላሽ ስናደርግ የሚነሳው መዝጊያ ነው። ካልለየላችሁ ቀይ ሥር ቀቅሉና የቀቀላችሁበትን ውሃ ሳጥኑ ውስጥ ጨምሩ። ፍላሽ ሳታደርጉ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ውሃው ከትርፍ ቱቦዋ በታች ሆኖ ሳለ መቀመጫው ውስጥ ቀይ ካያችሁ የታችኛው መዝጊያ ነው፤ ፍሎተሩን አትንኩት።

ሌላው የኛ ከተማ ጉዳይ ነው። ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፤ ሻይ ይመስላል። መስመሩ ባዶ ሆኖ ቆይቶ ውሃ ሲገባበት ዝገቱንና አሸዋውን ጠርጎ ይዞት ይመጣል። ሮቶው ሥርም ደለል ይተኛል። ያ አሸዋ መጨረሻ የሚያርፈው በጣም ጠባብ ቀዳዳ ያለበት ቦታ ነው፤ እሱም ፍሎተሩ ነው። አንዲት ፍሬ አሸዋ ጎማዋና ቀዳዳው መሐል ከተቀረቀረች ፍሎተሩ ምንም ሳይጎድለው አይዘጋም። ወይ ደግሞ እግሩ (ውሃ የሚገባበት ቱቦው) ውስጥ ያለችው ትንሽ ወንፊት ትደፈንና ሳጥኑ ለመሞላት ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል። ስለዚህ ብር ይዛችሁ ወደ ሱቅ ከመሮጣችሁ በፊት ውሃውን ዝጉ፣ ከግድግዳው ወደ ሳጥኑ ውሃ የሚያስገባውን ተጣጣፊ ቱቦ (ፍሌክሲብሉን) ፍቱ፣ ወንፊቷን በወረንጦ አውጡና በድሮ የጥርስ ብሩሽ እጠቧት። ከሰባቱ ቤቶች በተጨማሪ ሁለት ቤት ተጠርቼ ሄጄ ይህን ብቻ አድርጌ ነው የተመለስኩት። ነጭ ድንጋይ የያዛት ከሆነ ኮምጣጤ ውስጥ አሳድሯት።

ጎማዋ ካለቀች ግን መግዛት ነው። አሮጌውን ነቅላችሁ ይዛችሁ መሄድ ከሁሉ ይሻላል፤ ካልሆነ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ከሥርም ከጎንም። ፎቶው የሚያስፈልገው ውሃው በየት በኩል እንደሚገባ ለባለሱቁ ለማሳየት ነው። አንዳንዱ ሳጥን ከሥሩ ነው የሚገባው፣ አንዳንዱ ከጎኑ ከላይ። ዕቃቸው አይተካካም። የሳጥኑን ጥልቀትም በሜትር ለኩ፤ ቁመቱ የማይስተካከል ረጅም ፍሎተር ገዝታችሁ ክዳኑ አልዘጋ ቢላችሁ ሱቁ ላይመልስላችሁ ይችላል። ቁመቱ የሚስተካከለውን ውሰዱ።

ፍሌክሲብሉ የሚገጠምበት የፍሎተሩ እግር ጥርስ ብዙ ጊዜ ግማሽ ኢንች ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊሜትር ነው ብሎ በማስመሪያ ይለካና 21 ሚሊሜትር ሲያገኝ ሌላ ዓይነት መሰለው ማለት ነው። አይደለም። ግማሽ ኢንች የሚባለው ድሮ የቧንቧው የውስጥ ስፋት በነበረው ስም ነው፤ የጥርሱ የውጭ ስፋት 21 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ ፍሎተር በሻንጣ ያመጣላችሁ ካላችሁ ደግሞ እዩት፤ የዚያ አገሩ እግር 7/8 ኢንች ነው፣ ማለትም ወደ 22 ሚሊሜትር፣ ጥርሱም ሌላ ነው። በዓይን አንድ ይመስላል። የኛ ፍሌክሲብል ግን አይነክሰውም፤ በግድ ካጠበቃችሁት ፕላስቲኩን ይበላዋል። አንዲት ጎረቤታችን ወንድሟ ከሜሪላንድ ያመጣላትን ውድ ዕቃ እስከ ዛሬ በላስቲክ አስቀምጣዋለች።

ፎቅም ለውጥ ያመጣል፤ ይህን ማንም አይነግራችሁም። የውሃ ግፊት ከከፍታ ነው የሚመጣው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ይሰጣል። አራተኛ ፎቅ ያላችሁ ከሮቶው በታች ሁለት ሦስት ሜትር ላይ ናችሁ፤ የሚደርሳችሁ 0.2 ወይም 0.3 ባር ነው። ምድር ቤት ያሉት ደግሞ ወደ 1.5 ባር ያገኛሉ። ከአዲሶቹ ፍሎተሮች አንዳንዶቹ ጎማቸውን የሚዘጉት ውሃው ራሱ እየገፋ እየረዳቸው ነው። ግፊት ካነሰ በዝግታ ይሞላሉ፣ ጠብ ጠብ ማለትም አይተውም። የላይ ፎቆች ካርቶኑ ላይ ዝቅተኛ ግፊት የሚልን ዕቃ ጠይቁ፤ ወይም ባለ ክንዱን አሮጌ ዓይነት፣ እሱ በኳሱ ጉልበት ስለሚዘጋ አያስቸግራችሁም። ደግሞ አንዳንዱ ፍሎተር እግሩ ውስጥ የውሃውን መተላለፊያ ጠባብ የምታደርግ ትንሽ ፕላስቲክ አለችው። ለከፍተኛ ግፊት የተደረገች ናት። ምድር ቤት ይተዋት፣ አራተኛ ፎቅ ያውጣት። እትዬ ሦስተኛ ፎቅ፣ የርስዎ ሽንት ቤት «አይሞላም» ያሉት በዚህች ነበር፤ ስናወጣት በሁለት ደቂቃ አልሞላም?

መሣሪያው ቀላል ነው። አንድ ቺያቬ (መፍቻ) ወይም ፒንሳ፣ ባልዲ፣ ስፖንጅ፣ ጨርቅ። (ዳዶ፣ ማለትም ጥርስ ላይ እየዞረ የሚጠብቀው ቀለበት፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ሳራቺኔስካ፣ ማለትም የውሃ መዝጊያው፣ የምንላቸው ስሞች ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ሙያው ከነስሙ ነው የገባው። ሱቅ ውስጥ በእነዚህ ስሞች ከጠራችሁ ቶሎ ትግባባላችሁ።)

መጀመሪያ ግድግዳው ላይ፣ ሳጥኑ ሥር ያለችውን ትንሽ ቫልቭ ወደ ቀኝ አዙራችሁ ዝጉ። በእጅ ብቻ። ለዓመታት ካልተነካች ትደርቃለች፤ በፒንሳ አንቃችሁ ከጠመዘዛችኋት ግድግዳው ውስጥ ትሰበራለች፣ ያኔ ነገሩ የእናንተ መሆኑ ይቀርና ግድግዳ ማስፈረስ ይመጣል። እንቢ ካለች ተዉአት፤ የቤቱን ዋና ሳራቺኔስካ ዝጉ። ከዚያ ፍላሽ አድርጉ፣ ፍላሹን እንደተጫናችሁ ያዙት፣ ሳጥኑ ይራገፍ። ሥሩ የቀረችውን ውሃ በስፖንጅ አውጧት። ባልዲውን ከሥር አድርጉ። አንድ እጃችሁ ሳጥኑ ውስጥ ፍሎተሩን አጥብቆ ይያዝ፣ ሌላው ከሥር ፍሌክሲብሉን ይፍታ። ውስጡን ካልያዛችሁት ፍሎተሩ አብሮ ይዞርና ሌላውን ዕቃ ይመታል። ቀጥሎ ከሳጥኑ ሥር ያለውን ትልቁን ዳዶ ፍቱ። ከሥር ሆናችሁ ወደ ላይ እያያችሁት ወደ ግራ ነው የሚፈታው። ከዚያ ፍሎተሩ ወደ ላይ ይወጣል።

የቀዳዳውን ዙሪያ ከውስጥም ከውጭም በጨርቅ ጥረጉ። ይህ ቦታ ችኮላ አይወድም። የአዲሱ ፍሎተር ጎማ የሚተኛው እዚያ ነው፤ አሮጌ ጎማ ወይም ደለል ተጣብቆ ከቀረ በዚያ በኩል ያንጠባጥባል። ጎማው በሳጥኑ ውስጥ ነው የሚሆነው፣ ዳዶው በውጭ። ተገላብጦ የተገጠመ አይቻለሁ።

ዳዶውን በእጃችሁ አጥብቁ። እጃችሁ ሲበቃው በፒንሳ ሩብ ዙር፣ ቢበዛ ግማሽ ዙር ጨምሩ። ከዚያ በላይ አትሂዱ። እባካችሁ። ሰው ውሃ ሲያይ ማጥበቅ ይመስለዋል፤ ሴራሚኩ ግን አይለጠጥም፣ ይሰነጠቃል። አንድ ዘመዴ ቤት ሌላ ሰው ሲያጠብቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ከቀዳዳው ወደ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ሄደ። ያኔ ምንም አልፈሰሰም። በሳምንቱ ሌሊት ነው የተከፈለው፤ ሙሉ ሳጥን ተገዛ። ፍሌክሲብሉም ላይ ቴፍሎን አትጠምጥሙ። ጫፉ ውስጥ ጎማ አለው፣ ውሃውን የሚይዘው ጎማው ነው እንጂ ጥርሱ አይደለም። የፕላስቲክ ጥርስ ላይ ቴፍሎን ሲበዛ ዳዶው ሊሰነጠቅ ይችላል።

ፍሌክሲብሉን ከፍሎተሩ ጋር ከማገናኘታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ። ጫፉን ባልዲው ውስጥ አድርጉና ቫልቩን ለአምስት ሰከንድ ክፈቱት። መጀመሪያ የሚመጣውን አሸዋ ባልዲው ይውሰደው። ይህን ዘልዬ አዲስ ፍሎተር በመጀመሪያው ቀን አሸዋ ያጎረስኩበት ጊዜ አለ፤ እንደገና ፈታሁት።

ከዚያ አገናኙ፣ ቫልቩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ ሙሌቱን እዩ። ውሃው ከትርፍ ቱቦዋ አናት ሁለት ሁለት ተኩል ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። ካለፈ በፍሎተሩ ጎን ያለችውን ቡሎን በካቻቢቴ አዙራችሁ ዝቅ አድርጉት፤ ባለ ኳሱ ከሆነ ደግሞ ክንዱ ላይ ማስተካከያ አለው። ከፍሎተሩ የምትወጣውን ቀጭን ቱቦ ወደ ትርፍ ቱቦዋ አፍ አሲዟት እንጂ ወደ ውስጥ አትክተቷት። ገብታ ጫፏ ከሳጥኑ ውሃ ልክ በታች ከወረደ ሳጥኑን ቀስ በቀስ እየመጠጠች ታፈሳለች፣ እናንተ ደግሞ አዲሱን ፍሎተር ትወቅሳላችሁ።

መጨረሻ ደረቅ ሶፍት ውሰዱና ከሥር የዳዶውንም የፍሌክሲብሉንም ዙሪያ ጠቅጠቅ አድርጉ። ዓይን የማያየውን እርጥበት ሶፍት ያሳያል። እርጥብ ከሆነ የአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ ብቻ ጨምሩና እንደገና ሞክሩ። ከመተኛታችሁ በፊትና ጠዋት ስትነሱም እንዲሁ። በተለይ ውሃ በመጣ ሌሊት እዩት፤ ሰፈሩ ሲተኛ ግፊቱ ከፍ ስለሚል ቀን የያዘ ሌሊት ሊለቅ ይችላል።

ከፊታችሁ ያለው ሳጥን አሮጌ ነው፤ ከታደሰ ቤት ለምኜ ያመጣሁት። ሁለት ፍሎተር አለ፣ አንዱ ባለ ኳስ፣ አንዱ አዲሱ ዓይነት። ቢሰበርም ማንንም አይጎዳም፤ እየመጣችሁ ፍቱት፣ ግጠሙት። ጊዜ ያለው ሰው ሽንት ቤቱ ሄዶ ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ያድርግና ይመለስ። ቺያቬውን፣ ፒንሳውንና ባልዲውን ከዛሬ ጀምሮ ጥበቃው ክፍል አስቀምጫቸዋለሁ። ደብተሩ ላይ ስማችሁንና የቤት ቁጥራችሁን ጽፋችሁ ውሰዱ፣ ስትጨርሱ መልሱ። ብቻውን የፈራ ደግሞ ያንኳኳብኝ፤ ከሥራ 12 ሰዓት ላይ ነው የምገባው።